ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ ጄን ኤድ ክላሶችን ሳትባክኑ ለመጨረስ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ማዝ 154 የሚባል የሒሳብ ክላስ ተመዘገብኩ። ጓደኛዬ ነው የመከረኝ። «ቀላል ነው፣ ኤ ታገኛለህ» አለኝ። አልዋሸም፣ ኤ አገኘሁ። ችግሩ እኔ መማር የፈለግሁት ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ ካልኩለስ ይጠይቃል። ማዝ 154 ደግሞ ወደ ካልኩለስ አያደርስም። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተመላለስኩ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ግን ሒሳብን እንደ አዲስ ከፕሪካልኩለስ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ማንም ያልነገረኝን ነው ዛሬ የምጽፈው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ገብታችሁ ክላስ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ሁለት ዓመት ቆይታችሁ የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ዘርፍ እዩ። ከመጨረሻው ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ምሳሌዬ በአብዛኛው ከሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እኔ የማውቀው እሱን ነው፣ ሐበሻም እዚያ ብዙ ነው። በሌላ ስቴት ያላችሁም አሠራሩ ብዙ አይለይባችሁም፤ ልዩነቱን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ።

ጄን ኤድ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት (ትምህርት የሚለካበት ነጥብ) ነው። ከዚያ ውስጥ ሲሶ የሚሆነው ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ ጽሕፈት፣ ሒሳብ፣ ላብ (ላቦራቶሪ) ያለው ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ንግግር። ይሄ ነው ጄኔራል ኤዱኬሽን፣ በአጭሩ ጄን ኤድ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው «ፍሬሽማን ኮርስ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። የሚለየው፣ እዚህ ኮርሱን የምትመርጡት እናንተ መሆናችሁ ነው። ስህተቱም የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ይህንን ክፍል ኖቫ ውስጥ፣ ማለትም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ስትጨርሱት ለክሬዲት የምትከፍሉት ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ላይ ከምትከፍሉት ከግማሽ ያነሰ ነው። ኖቫ በአሌክሳንድሪያ፣ በአናንዴል፣ በላውዶን፣ በማናሳስና በውድብሪጅ ካምፓሶች አሉት፤ ስፕሪንግፊልድ ላይ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ካምፓስ አለው። ማታም ኦንላይንም ያስተምራሉ። በመጨረሻ የባችለር ዲፕሎማችሁን የሚሰጣችሁ የተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲፕሎማው ላይ «ሁለት ዓመት ሌላ ቦታ ተምሮ መጣ» የሚል ነገር አይጻፍም።

ይህን የምለው ለወላጆችም ነው። ቤተ ክርስቲያን ላይ «የኔ ልጅ እንትን ዩኒቨርሲቲ ገባ» ሲባል፣ ልጁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሆነ አባት አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ። አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም። ያ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ዲፕሎማ ይዞ፣ የብዙ ሺህ ዶላር ዕዳ ሳይኖርበት ሊቆም ይችላል።

መጀመሪያ፦ የዩኒቨርሲቲውን የአራት ዓመት ዕቅድ አትሙ

የምትፈልጉትን ዩኒቨርሲቲና ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ምረጡ። ቁርጥ ያለ ውሳኔ ባይሆንም ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ያዙ። ከዚያ የዚያ ሜጀር የአራት ዓመት ዕቅድ ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውጡ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለእያንዳንዱ ሜጀር በየሴሚስተሩ የሚወሰደውን ክላስ የዘረዘረበት ገጽ አለው። አትሙት። ስልክ ላይ ማየት አይበቃም።

እኔ ዕቅዴን ያነበብኩት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። የሌሊት ፈረቃ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና አይመጣም። ወረቀቱን የቲኬት ማሽኑ አጠገብ ዘረጋሁና ሁለት ማድመቂያ እስክርቢቶ ያዝኩ። ጄን ኤዱን ሁሉ በቢጫ ቀባሁ። ሜጀሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚፈልጋቸውን ደግሞ በአረንጓዴ። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ «ይሄ ኖቫ ላይ ምን ይባላል?» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሲነጋ ወረቀቱ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር። አረንጓዴው ከቢጫው ይበልጥ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጄን ኤድ ቦታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ጄን ኤዱን ልጨርስና ሜጀሩ ይደርሳል» ይላል። ለታሪክ ወይም ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ይሄ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለኢንጂነሪንግ፣ ለኮምፒውተር ሳይንስ፣ ለባዮሎጂ ግን ከባድ ኪሳራ ነው። እነዚህ ዘርፎች ሰንሰለት አላቸው። ካልኩለስ አንድን ሳትጨርሱ ካልኩለስ ሁለት አይፈቀድላችሁም። ካልኩለስ ሁለትን ሳትጨርሱ ሦስትን አትወስዱም። ፊዚክሱም ካልኩለሱን ይጠብቃል። 60 ክሬዲት ጄን ኤድና መሙያ ብቻ ይዞ የሄደ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ወረቀት ላይ ሦስተኛ ዓመት ነው። ሰንሰለቱ ላይ ግን ገና አንደኛ ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ይቀረኛል ያለው ሰው ሦስትና አራት ይቀረዋል፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ዋጋ።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ሴሚስተር ከሁለቱም ቀለም ውሰዱ። ቢጫው ከአረንጓዴው ጋር ተቀላቅሎ ይሂድ። ከባዶቹን ክላሶች በአንድ ሴሚስተር ላይ አለመከመርም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው።

የትኛው የኖቫ ክላስ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር የሚያሳይ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባል የስቴቱ ድረ ገጽ አለ። የክላሱን ቁጥር አስገቡ፣ ዩኒቨርሲቲውን ምረጡ፣ ምን እንደሚሆን ያሳያችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ። «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ክላስ) ተብሎ ከመጣ ክሬዲቱ ይቆጠራል፣ ግን የምትፈልጉትን ክላስ አይተካም። «ይቆጠራል» እና «ይተካል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ማዝ 154ን የወሰድኩ ጊዜ ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር።

ትክክለኛውን ዲግሪ መምረጥ፦ አንዲት ፊደል

ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ስትመዘገቡ ፕሮግራም ምረጡ ይላችኋል። ኤ.ኤስ. እና ኤ.ኤ. የሚባሉት የሁለት ዓመት ዲግሪዎች ለመሸጋገር የተዘጋጁ ናቸው። ኤ.ኤ.ኤስ. የሚባለው ደግሞ በቀጥታ ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው የተዘጋጀ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ኤ ብቻ ነው የተጨመረችው። ግን ከኤ.ኤ.ኤስ. ብዙዎቹ ክሬዲቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ አይሄዱም፣ ወይም በኢሌክቲቭነት ብቻ ይሄዳሉ። ኤ.ኤ.ኤስ. መጥፎ ዲግሪ አይደለም። በኤ.ኤ.ኤስ. ነርሲንግ ጨርሶ ፈቃድ ያለው ነርስ (አር.ኤን.) ሆኖ የሚሠራ ሞልቷል፣ ከዚያም ወደ ባችለር የሚያሻግር የራሱ መንገድ አለው። ዓላማችሁ ትራንስፈር ከሆነ ግን ፕሮግራማችሁ ላይ የተጻፈውን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ላይ በተለይ ሁለቱም ዓይነት ስላለ ሰው ይደናገራል።

ገንዘቡ

መጀመሪያ የነዋሪነት ጉዳይ አለ። ቨርጂኒያ የስቴቱን ዋጋ የምታስከፍላችሁ፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው መኖሪያችሁን አድርጋችሁ ከቆያችሁ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የስቴት ታክስ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ቤት የቀየራችሁ ከሆነ ቀኑን ቁጠሩ። ጥቂት ወር መታገሥ ብዙ ሺህ ዶላር ያድናል።

ቀጥሎ ፋፍሳ። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ነው። በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፣ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። ነፃ ነው። «እኔ ልሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትና ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ማመልከት ይችላል። በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለ ሰው ግን የፌዴራሉን አያገኝም። እሱ ስለ ስቴቱና ስለ ኮሌጁ ስኮላርሺፕ መጠየቅ አለበት።

ዕድሜያችሁ ከ24 በታች ከሆነና ካላገባችሁ፣ ብቻችሁን ብትኖሩም በአብዛኛው የወላጅ መረጃ ትጠየቃላችሁ። ወላጆቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ቢሆኑም ያው ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም የራሱን አካውንት ከፍቶ መፈረም ይችላል፤ ኢሜይል ያስፈልገዋል። ገቢያቸው ወደ ዶላር ተቀይሮ ይሞላል። ይህ በስልክ ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድማችሁ ጀምሩት። አባቴ ኢሜይል አልነበረውም። እህቴ ከፍታለት፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋ ከመታወቂያው ጋር አስቀመጠችለት።

ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍም ሊተርፍ ይችላል። ሦስት ነገር ግን እወቁ።

አንደኛ፣ ፔል ዕድሜ ልክ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ ያቃጠላችሁት ዩኒቨርሲቲ ስትደርሱ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የሚከፍለው በፕሮግራማችሁ ውስጥ ላለ ክላስ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሐበሻን የሚመለከት ነው። አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል አይፈቀድለትም። ዲግሪው እዚህ ባያሠራውም፣ ባያስተረጉመውም፣ ያው ዲግሪ ነው። ፋፍሳ ላይ መደበቅ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት መዋሸት ነውና አታስቡት። ዲግሪ ያላችሁ ሰዎች ከመነሻው ሌላ መንገድ ብታዩ ይሻላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ባችለር የሚመጣን ሰው ጄን ኤድ አያስደግሙትም። ዲግሪያችሁን አስገምግማችሁ፣ የሚጎድላችሁን ቅድመ ሁኔታ ክላስ ብቻ ወስዳችሁ ወደ ማስተርስ መግባትም ይቻላል። አገር ቤት ኢኮኖሚክስ ጨርሶ እዚህ ኢኮኖሚክስ 201ን ከዜሮ የጀመረ ሰው አውቃለሁ። ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም ማንንም አልጠየቀም።

ወረቀቶችና የመግቢያ ምዘና

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ ከሆነ ያ ክሬዲት ሊያገለግል ይችላል። እንደ ደብሊው.ኢ.ኤስ. ባለ ገምጋሚ ድርጅት በኮርስ በኮርሱ ማስገምገም ያስፈልጋል። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ አለበት። ለዚህ ደግሞ አገር ቤት የሚሯሯጥ ሰውና ውክልና ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። ነገሩ ወራት የሚፈጅ ነውና ክላስ ከመጀመራችሁ አስቀድማችሁ አስጀምሩት።

የሒሳብና የእንግሊዝኛ ምዘናን አቅልላችሁ አትዩት። «ዝም ብለህ ግባና ተፈተን» የሚል ምክር ብዙ ያስከፍላል። አሥር ዓመት አልጀብራ ያልነካ ሰው ሁለት ሳምንት ካን አካዳሚ በሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ቢከልስ አንድ ሴሚስተር ሊያተርፍ ይችላል። እንግሊዝኛው ላይ ኢ.ኤስ.ኤል. (እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያስተምር ክላስ) ውስጥ ከተመደባችሁ አትናደዱ። ግን ኢ.ኤስ.ኤል. ክላሶች በአብዛኛው ለባችለር እንደማይቆጠሩ እወቁና ጊዜያችሁን በዚያው ልክ አስቡ።

የትኞቹን ክላሶች?

ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት የታሸጉ ጥቅሎች አሉ። ፓስፖርት የሚባለው ወደ 16 ክሬዲት ነው። ሌላው ዩኒፎርም ሰርተፊኬት ኦፍ ጄኔራል ስተዲስ ይባላል፣ 30 ክሬዲት አካባቢ ነው። ስቴቱ በ2018 ካወጣው ሕግ ተነስተው የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ያሉ ክላሶች በቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለጄን ኤድ እንዲቆጠሩ ታስበው የተመረጡ ናቸው። ሜጀራችሁን ገና ካልወሰናችሁ ከእነዚህ ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ከሁሉም የተሻለ መጠለያ ነው።

*እንግሊዝኛ 111 እና 112።* እነዚህን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴሚስተሮች ጨርሱ። ሌሎቹ ክላሶች ሁሉ የሚመዝኗችሁ በጽሑፍ ነውና። እኛ የተማርነው መጽሐፉ ያለውን መልሶ በመጻፍ ነው። መምህሩ የጻፈውን ቃል በቃል የመለሰ ጎበዝ ይባል ነበር። እዚህ ያ ነገር ፕሌጃሪዝም ይባላል፣ ከክላስ ሊያስወጣም ይችላል። ከሌላ ሰው የወሰዳችሁትን እያንዳንዱን ሐሳብ ከየት እንዳመጣችሁት ጻፉ። በራሳችሁ ቃል ብትቀይሩትም እንኳ። ያልተፈቀደ ኤ.አይ. መጠቀምም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ መምህር ደንቡን ሲለበሱ (የክላሱ ዕቅድ) ላይ ይጽፋል፣ አንብቡት።

ራይቲንግ ሴንተር የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። የመጀመሪያውን ኢሴዬን ይዤ ስሄድ የተቀመጠችው ሴት ግራመሬን ታርምልኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ምን ልትል ፈልገህ ነው? በቃልህ ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። «አሁን ያልከው እኮ እዚህ ላይ የለም» አለች። እውነቷን ነበር። እኔ ሁለት ገጽ መግቢያ ጽፌ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ለእኛ ነገርን ዞር ብሎ መጀመር ጨዋነት ነው። እዚህ መምህሩ ክርክራችሁን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይፈልጋል። ይህን አንድ ነገር ማወቅ ብቻ የኔን ውጤት ከሲ ወደ ቢ አውጥቶታል።

*ሒሳብ።* የሒሳብ ምርጫችሁ ሜጀራችሁን ይከተል። ማዝ 154 ሒሳብ ለማይበዛባቸው የሥነ ጥበብና የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች ነው። ማዝ 245 ስታትስቲክስ ነው፣ ሳይኮሎጂና ነርሲንግ ለመሳሰሉት። ቢዝነስ የሚሄድ ማዝ 261ን ይፈልጋል። ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ ወደ ማዝ 263 ነው የሚሄዱት፣ እሱ ካልኩለስ አንድ ነው። ወደ እሱ የሚያደርሱት ደግሞ የፕሪካልኩለስ ክላሶች ናቸው፣ ከማዝ 161 ጀምሮ። የተሳሳተ መስመር ከገባችሁ መመለሻው አንድ ሴሚስተር ነው።

*ሳይንስ።* ላብ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ 4 ክሬዲት ነው። ለሳይንስ ተማሪ የሚሆነው ባዮሎጂ 101 ወይም ኬሚስትሪ 111 ነው። ነርሲንግ የምታስቡ ባዮሎጂ 141 እና 142ን፣ ማለትም የሰው አካልን ክላሶች፣ ቀድማችሁ ተመልከቱ። ውድድር ስላለበት እዚያ ላይ የምታመጡት ውጤት ይታያል።

*የቀሩት* ይቀላሉ። ሳይኮሎጂ 200፣ ሶሲዮሎጂ 200፣ ኢኮኖሚክስ 201፣ ታሪክ 121። ከእነዚህ ውስጥ ሜጀራችሁም የሚፈልገው ካለ እሱን ውሰዱ፤ አንዱ ክላስ ለሁለት ይሠራላችኋል። የቢዝነስ ተማሪ ኢኮኖሚክስን ትቶ ሶሲዮሎጂ የሚወስድበት ምክንያት የለም። የንግግር ክላስን በአክሰንታችሁ ፈርታችሁ አታቆዩት። ሃያ ሰው ፊት ቆሞ አምስት ደቂቃ መናገር የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያግዝ ነገር ነው። የውጭ ቋንቋ የሚጠይቅ ሜጀር ከሆነ ደግሞ ስፓኒሽ ከመመዝገባችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ፦ «አማርኛ እችላለሁ፣ በፈተና ወይም በማስረጃ ይታለፍልኛል ወይ?» በሉ።

መጽሐፍ በነፃ ኦንላይን የሚሰጥባቸው ክላሶች አሉ። ስትመዘገቡ የክላሱ መግለጫ ላይ ይታያል። ሁለት መቶ ዶላር መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

አድቫይዘርና ስምምነቶች

አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ጋር ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። እሱ በቀን ብዙ ተማሪ ያያል። «ምን ልውሰድ?» ካላችሁ የሚቀርበውን ይሰጣችኋል። ያንን ሁለት ቀለም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና «ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደዚህ ሜጀር ነው የምሄደው፣ ዕቅዴ ይሄ ነው፣ የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?» በሉት። ውይይቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የተነጋገራችሁትን ማታ በኢሜይል ጻፉለት። መልሱን አስቀምጡት።

ጆርጅ ሜሰን ለመሄድ ያሰባችሁ አድቫንስ የሚባለውን ፕሮግራም ቶሎ ጠይቁ። ኖቫና ሜሰን በ2018 የጀመሩት ነው። ከኖቫ የመጀመሪያ ክላስ እስከ ሜሰን ምረቃ ድረስ ያለው መንገድ ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ የሚከታተላችሁ ኮችም ይመደብላችኋል። ክሬዲት ከበዛ በኋላ መግባት ስለማይቻል በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው መጠየቅ ያለበት።

ሌላው የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት ነው። ቨርጂኒያ ቴክን፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያን፣ ዊልያም ኤንድ ሜሪን ጨምሮ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር ተፈራርመዋል። የሚጠየቀውን ዲግሪና ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ካሟላችሁ ይቀበሏችኋል። የእያንዳንዱ ጂፒኤ ይለያያልና የየራሱን ሰነድ አንብቡ። አንድ መስመር ግን በተለይ ፈልጉ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላችሁ ማለት ሜጀሩ ተቀበላችሁ ማለት ላይሆን ይችላል። ነርሲንግ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ቢዝነስ ብዙ ቦታ የራሳቸው በር አላቸው።

በሴሚስተሩ መሐል

ሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚባለው 12 ክሬዲት የያዘ ነው። በሁለት ዓመት 60 ለመጨረስ ግን በሴሚስተር 15 ያስፈልጋል። 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው 15 ክሬዲት ይዞ ሲወድቅ አይቻለሁ። 6 ወይም 9 ይዛችሁ፣ ሰመርን ጨምራችሁ፣ በሦስት ዓመት በጥሩ ውጤት መጨረስ በሁለት ዓመት ተሰባብሮ ከመጨረስ ይሻላል። ትራንስፈር ላይ የሚታየው ጂፒኤ ነው።

ዲ ያመጣችሁበት ክላስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸጋገርም። ሲና ከዚያ በላይ ነው የሚሄደው። ክላስ እየከበዳችሁ ከሆነ ሁለት ቀኖችን እወቁ። የመጀመሪያው ገንዘብ እየተመለሰ የሚወጣበት ነው፣ ሴሚስተሩ በተጀመረ በሁለት ሳምንት አካባቢ ያልፋል። ሁለተኛው ደብሊው («ከክላሱ ወጥቷል» የሚል ምልክት) ተጽፎ፣ ጂፒኤ ሳይነካ የሚወጣበት ነው፣ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ እስኪያልፍ ድረስ። ዝም ብሎ መቅረት ግን መውጣት አይደለም። ያ ኤፍ ነው። ድጋፍ የምታገኙ ከሆነም ከመውጣታችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ። ከጀመራችሁት ክላስ 67 በመቶውን መጨረስና 2.0 ጂፒኤ መያዝ ካልቻላችሁ ድጋፉ ሊቆም ይችላል። ከሁሉም ክላስ ከወጣችሁ ደግሞ የተሰጣችሁን መመለስ ሊመጣ ይችላል።

የእያንዳንዱን ክላስ ሲለበስ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

በሌላ ስቴት ላላችሁ

ስሙና ቁጥሩ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለምሳሌ፣ አርትሲስ የሚባለውን የክሬዲት ማነጻጸሪያ ተጠቀሙ። ሚኒሶታ ውስጥ የሚኒሶታ ትራንስፈር ከሪኩለም የሚባል 40 ክሬዲት ጥቅል አለ። ቴክሳስ ኮር የሚለው 42 ሰዓት ነው። ሲያትል ያላችሁ ዲ.ቲ.ኤ. የሚባለውን ዲግሪ ጠይቁ፤ 90 የኳርተር ክሬዲት ነው፣ ይህም 60 የሴሚስተር ክሬዲት ማለት ነው። ልጃችሁ ሃይስኩል ከሆነ እዚያው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ራኒንግ ስታርት አለ፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሆኖ የኮሌጅ ክላስ ያለ ትምህርት ክፍያ ይወስዳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2025 ፎል (የመኸር ሴሚስተር) ጀምሮ ለአዲስ ተማሪ ካል-ጌትሲ የሚባለው ነው የሚሠራው፤ የክላሶቹን ዝምድና አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ታያላችሁ። የድሮውን አይጌትሲ ይዞ የሚመክራችሁ ዘመድ ካለ ዝርዝሩ እንደተቀየረ ንገሩት።

የመሸጋገሪያው ዓመት

ለፎል የምታመለክቱ ከሆነ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በማርች መጀመሪያ ይዘጋሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ለዲግሪው እንዲያስመርቃችሁም ራሳችሁ ማመልከት አለባችሁ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዲግሪው በእጃችሁ ከሆነ ስምምነቶቹ ይሠራሉ። ዲግሪ ሳትይዙ በክሬዲት ብቻ ከሄዳችሁ ግን ላይሠሩ ይችላሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዲግሪውን በ3.0 ጂፒኤ ለጨረሰና የገንዘብ ችግር ላለበት ተማሪ የሚሰጥ የትራንስፈር ግራንት አለ። እሱንም የዩኒቨርሲቲውን ፋይናንሻል ኤይድ ጠይቁ። ፋፍሳ ላይም አዲሱን ዩኒቨርሲቲ መጨመር አትርሱ።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲታችሁን ይወስዳሉ እንጂ ጂፒኤያችሁን አይወስዱም። እዚያ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ቀለል አድርጋችሁ ያዙ። ሜሰን ላይ ለመመረቅ ከ120ው ቢያንስ 30 ክሬዲት እዚያው መወሰድ አለበት፣ 45ቱ ደግሞ ከፍተኛ ደረጃ (የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት) ክላስ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ 80 እና 90 ክሬዲት መከመር አይጠቅማችሁም።

ተቀበልናችሁ የሚለው ደብዳቤ ከመጣ በኋላ የክሬዲት ግምገማ ይደርሳችኋል። በዚያ ቀን ወረቀታችሁን አውጥታችሁ መስመር በመስመር አመሳክሩ። የኔ ላይ አንድ የፕሮግራሚንግ ክላስ ኢሌክቲቭ ተብሎ መጥቶ ነበር። ሲለበሱን አወጣሁ። የዩኒቨርሲቲውንም ክላስ ሲለበስ ከድረ ገጹ አወረድኩ። በየሳምንቱ የሚማሩትን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለትምህርት ክፍሉ በትሕትና ጻፍኩ። በዘጠነኛው ቀን «ተቀይሯል» የሚል የአንድ መስመር ኢሜይል መጣ። 3 ክሬዲት፣ በዩኒቨርሲቲ ዋጋ። የመጨረሻው ውጤታችሁ ሲወጣም ዲግሪው መሰጠቱን የሚያሳየውን ትራንስክሪፕት እንደገና አስልኩ። ስታመለክቱ የላካችሁት ላይ የመጨረሻው ሴሚስተር ገና አልነበረም።